ከአሰብ ታሽጋ የመጣችው ጣኒካ

በጅማ ከተማ፣ ከህርማታ ገበያ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ቲጃኒ የሚባል ቆርቆሮ ሠሪ ነበረ። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ከጣሪያዋ የተንጠለጠሉት ኩራዞችና ፋኖሶች ነፋስ በመጣ ቁጥር ቀስ ብለው ይጋጫሉ። ቲጃኒ ያን ድምፅ ይወደው ነበር። «ዝናብ ለመዝነብ ሲያስብ እንዲህ ነው የሚለው» ይላል።

ያን ጊዜ ላምባ ከባሕር ማዶ የሚመጣው በጣኒካ ታሽጎ ነው። አራት ማዕዘን፣ አሥራ ስምንት ሊትር የምትይዝ፣ ሁለት ሁለት እየሆነች በእንጨት ሣጥን የምትገባ ጣኒካ። ላምባው በየቤቱ ነዶ ሲያልቅ ባዶዋ ጣኒካ ዞራ ዞራ ቲጃኒ ዘንድ ትደርሳለች። እሱም ከአንዷ ኩራዝ፣ ከአንዷ የቡና መስፈሪያ፣ ከሌላዋ የጣሪያ አሸንዳ ያወጣል። በጎኗ ላይ የተጻፈውን ግን አይቆርጥም። ልጅ ሳለ ሰቃ ቁርኣን ስለቀራ የዐረብ ፊደል ያነባል፤ የተጻፈውም የወደብ ስም ነው። አባዳን። ባስራ። ኤደን። ያችን ጎን በጥንቃቄ ፈልቅቆ ግድግዳው ላይ በምስማር ይመታታል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሱቁ ግድግዳ ሁሉ ወደብ ሆነ።

«ሌላው ሰው ግድግዳው ላይ የመካን ሥዕል ይሰቅላል፤ የኔ ባል የላምባ ቆዳ ይሰቅላል» ትላለች ሚስቱ ሀጂራ።

ቲጃኒ ባሕር አይቶ አያውቅም። ከጊቤ የሚበልጥ ውሃ አላየም። ነገር ግን ሥራ በቀዘቀዘ ቀን መዶሻውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ግድግዳውን ሲመለከት ይቆያል። አባዳን በሐሳቡ ሰፊ ገበያ ነበረች፤ ላምባ እንደ ምንጭ ውሃ የሚቀዳባት፣ ሻጮቹ ሁሉ ነጭ የለበሱ። ኤደን ደግሞ ቀጭንና ረጅም ናት፤ መርከቦች እንደ በቅሎ ተሰልፈው ይታሰሩባታል። ባስራን፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ሁልጊዜ ሊነጋ ሲል ነበር የሚያያት።

ሰው የሚያውቀው ግን በዚህ ሳይሆን በመስፈሪያው ነው። መስፈሪያ ጣኒካ ሠርቶ ሲጨርስ ለገዢው ዝም ብሎ አይሰጥም። ሐሙስ ማለዳ፣ ገበያው ሳይሞላ፣ አንድ እስላምና አንድ ክርስቲያን ምስክር ይጠራል። ከአዌቱ የተቀዳ ውሃ በሊትር እየሰፈረ አሥራ ስምንት ጊዜ ይጨምርባታል። ውሃው ከከንፈሯ እኩል ሲቆም «ቢስሚላህ» ብሎ ያነሳትና ሰባት እርምጃ ይሄዳል። አንድ ጠብታ ከፈሰሰ ከንፈሯ ዘሟል ማለት ነውና መልሶ ይቀጠቅጣታል። ካልፈሰሰ ታችዋ ላይ በምስማር ጨረቃ ይጭርባታል። ከአጋሮም፣ ከሰቃም፣ ከአሰንዳቦም ነጋዴ እየመጣ ይህችን ጨረቃ ያለባትን ይገዛል። ሰው በመስፈሪያ ሲጣላ «በቲጃኒ ጣኒካ ይሰፈርልን» ነው የሚባለው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ መርከቡ ጥቁሩን ነዳጅ አሰብ ያራግፋል፤ እዚያው ይጣራና ላምባው በቦቴ መኪና ወደ መሐል አገር ይጫናል። ይህን ነገር ጅማ ላይ ከሁሉ በፊት ያወቀው ቲጃኒ ነበር፤ ጣኒካ መምጣቱ ቀረ።

«ላምባው ራቁቱን መጣ» አለ የመጀመሪያውን ቦቴ ያየ ዕለት። ሰዎች ሳቁ። እሱ ግን የሆነ ዘመዱ እንደሞተበት ሰው ሆዱ ባባ። አዲስ የወደብ ስም ከእንግዲህ አይመጣለትም።

ቦቴው የሚያራግፈው በአቶ ወልደሰማያት ግቢ ነው። ወልደሰማያት ከሸዋ መጥቶ ጅማ የከበረ የላምባ አከፋፋይ ነው፤ ቁጡ ሆኖም ሐቀኛ ሰው። የቦቴው ሾፌር ደግሞ ገበየሁ ይባላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ተጫዋች፣ በመንገድ ላይ ያገኘውን አሮጊት ሁሉ የሚያሳፍር፣ ከሚስቱ ከብርሃንነሽ ጋር ከቲጃኒ ቤት በላይ የሚኖር ጎረቤት።

ላምባው ሲራገፍ በቲጃኒ ጣኒካ እየተሰፈረ ወደ በርሜል ይገለበጣል። ሁለት ቆጣሪ አለ፤ አንዱ የወልደሰማያት፣ አንዱ የሾፌሩ። አንዲት ጣኒካ በተገለበጠች ቁጥር እያንዳንዳቸው አንድ ፍሬ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ማለት ነው፣ በቅላቸው ውስጥ ይጥላሉ። መጨረሻ ላይ ቅሉ ተዘርግፎ ይቆጠራል። አሰብ ላይ የተጻፈው ደረሰኝ አሥር ሺህ ሊትር ይላል፤ በጣኒካ አምስት መቶ ሃምሳ አምስት መሆኑ ነው።

በመጀመሪያው ጊዜ ሰባት ጣኒካ ጎደለ። «መንገድ ነው፣ ይንጠባጠባል» ተባለና ታለፈ። በሁለተኛው ዘጠኝ ጎደለ። በሦስተኛው፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ በብርዳም ማለዳ፣ ጀንፈሉ ተዘርግፎ ሲቆጠር አምስት መቶ አርባ አራት ሆነ። አሥራ አንድ ጣኒካ የለም።

ወልደሰማያት ደረሰኙን በእጁ ጨብጦ ወደ ቲጃኒ ዞረ። ግቢው በሰው ሞልቷል።

«ቲጃኒ፣ እስቲ አንተ ንገረን። ጣኒካው ነው ወይስ ሰውዬው?»

ቲጃኒ ጣኒካውን ገልብጦ ጨረቃዋን አየ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስሙን ያኖረው እዚያች ላይ ነው። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነበር።

«ጣኒካዬ አይዋሽም» አለ። «የጎደለው መንገድ ላይ ነው።»

«አሰንዳቦ ላይ ተሽጦ ነዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። «አሰንዳቦ ሰሞኑን መብራቱ በዝቷል!»

ሰው አውካካ። ገበየሁ አልተቆጣም፤ አልማለምም። አንዲት ፍሬ ጀንፈል ከመሬት አንሥቶ በጣቶቹ መካከል አሽከረከራት።

«ጋሽ ቲጃኒ፣ የቤቴን ኩራዝ የሠሩልኝ እርስዎ ነዎት» አለ ቀስ ብሎ። «በእርስዎ መብራት ነው የልጆቼን ፊት የማየው።»

ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ወልደሰማያትም «ለቦቴው ኩባንያ እጽፋለሁ፤ ከመሪው ላይ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ፖሊስ አለ» ብሎ ዛተ።

በሦስተኛው ቀን ሀጂራ ከወንዝ ስትመለስ እንስራዋን ሱቁ ደጃፍ ላይ አወረደች።

«ብርሃንነሽ ዛሬም ውሃ የቀዳችው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። የላምባ ሌባ ሚስት እያሏት ነው።»

«እኔ ሌባ አላልኩም።»

«መንገድ ላይ ጎደለ ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«መንገዱ እጅ አለው እንዴ? መንገዱ ማን ነው? ገበየሁ ነው።»

ቲጃኒ መዶሻውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ግድግዳው ላይ ያሉት ወደቦች ሁሉ የሚያዩት መሰለው።

ነገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ። ሀጂ ሸኩር፣ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ከመናገራቸው በፊት መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር የሚጨርሱ ሰው ናቸው። የቲጃኒንም የገበየሁንም ቃል ሰሙ።

«ጣኒካ ስንት እንደጎደለ ይመሰክራል» አሉ። «ማን እንደወሰደው አይመሰክርም። ቲጃኒ፣ አንተ የጨመርክበትን አንተው ታጣራለህ። ከዚህ ልጅ ጋር አሰብ ውረድ። ሲጫን እይ፣ አብረህ ተመለስ፣ ዓይንህን ከቦቴው አትንቀል። ሙሉ ከደረሰ ልጁ ሌባ ነው። አንተ እያየህ ከጎደለ ግን ልጁ ነፃ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ካልክ ፍርዱ ፈረሰ፤ ወልደሰማያት ደብዳቤውን ይላክ።»

ወልደሰማያት እስከዚያው ደብዳቤውን ሊያቆየው ተስማማ።

በዚያች ሌሊት ቲጃኒ ያልጠበቀው ነገር ልቡ ውስጥ ተነሣ፤ ደስታ። ባሕርን ሊያይ ነው። የሰው እንጀራ በእሱ ቃል ተንጠልጥሎ ሳለ እሱ ስለ ባሕር ሲያስብ አደረ፤ ሲነጋም አፈረ። ጨረቃ ያለባትን አንዲት አዲስ ጣኒካ ከነክዳኗ አንጠልጥሎ፣ የረዳቱን ቦታ ይዞ ከገበየሁ ጎን ተቀመጠ።

መንገዱ አራት ቀን ፈጀ። ጊቤን ወርደው ወጡ፣ አዲስ አበባን ዳር ዳሯን አለፉ፣ ከጣርማ በር ብርድ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከባቲ ወደ አፋር በረሃ ወረዱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እምብዛም አልተነጋገሩም። በረሃው ላይ ግን ሙቀቱ የሁለቱንም ልብ አላላው። ገበየሁ ሸሚዙን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«ጋሽ ቲጃኒ፣ ቡና እዚህ ቢተከል ተቆልቶ ነበር የሚበቅለው።»

ቲጃኒ ሳይፈልግ ሳቀ።

አሰብ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ቲጃኒ መጀመሪያ ያየው ሰማይ ነው ብሎ አሰበ፤ ከዚያ ሰማዩ ከታች ሲንቀሳቀስ አየ። ጫማውን አውልቆ ቀስ ብሎ ሄዶ እግሩን ነከረ። ውሃው ሞቃት ነበር፤ እንደ ሰው ትንፋሽ ይመጣል፣ ይመለሳል። በመዳፉ ጨልፎ ቀመሰና ጨውነቱን ምላሱ ላይ አቆየው። ራቅ ብሎ፣ ከዳር ሳይጠጋ፣ አንድ ትልቅ መርከብ ቆሟል። ማንም አይወጣበትም፣ ማንም አይወርድበትም። እንደተኛ ነገር ነው።

«ነዳጁን ማን ያወርድለታል?» አለ ቲጃኒ።

«ማንም» አለ ገበየሁ። «በባሕሩ ሆድ ውስጥ ቧንቧ አለ። መርከቡ እዚያ ቆሞ ያጠባል፤ ጋኖቹ እዚህ ይጠባሉ።»

ቲጃኒ ወዲያ ማዶ የቆሙትን ግዙፍ ነጫጭ የነዳጅ ጋኖች አየ። ሃያ አምስት ዓመት በሐሳቡ ያያት ወደብ እጅና ጣኒካ የሞላባት ነበረች። ይህችኛዋ ዝም ያለች ናት። ቢሆንም አልከፋውም። ዝምታዋ ራሱ ሕልም ይመስል ነበር።

በማግስቱ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ቦቴው ሊጫን ተራ ያዘ። ጭነቱን የሚቆጣጠረው ተክለጻድቅ የሚባል መነጽር ያደረገ ጸሐፊ ነበር። ቦቴው ሞልቶ ሲያበቃ በክር የታሰረ የመስተዋት ሙቀት መለኪያ በቦቴው አፍ አስገብቶ ትንሽ አቆየና አውጥቶ አየው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ ቲጃኒ። «ላምባ ትኩሳት ይይዘዋል?»

«ይይዘዋል እንጂ አባቴ» አለ ተክለጻድቅ ፈገግ ብሎ። «ዛሬ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው። ነዳጅ ሲሞቀው ያብጣል፣ ሲበርደው ይከሳል። ያ መርከብ የመጣው ከአባዳን በኩል ነው። የስዊዝ ቦይ አምና ከተዘጋ ወዲህ ባልንጀሮቹ አፍሪካን ሙሉ ዞረው አውሮፓ፣ ሮተርዳም ወደብ ይደርሳሉ። አባዳን ላይ አብጦ የተጫነው እዚያ በረዶ ላይ ከስቶ ይራገፋል። ስለዚህ በየወደቡ ሙቀቱ ይለካል፤ በሰንጠረዥ ወደ አንድ ሙቀት ይመለሳል። ያለዚያማ የመርከብ አዛዥ ሁሉ ሌባ በተባለ ነበር።»

«ታዲያ ለጅማ ሰው ማን ነገረው?» አለ ቲጃኒ።

ተክለጻድቅ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። «የቦቴ ደረሰኝ በሊትር ብቻ ነው የሚወጣው» አለ። «ስለ ጅማ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ቲጃኒ አባዳን ሲባል ልቡ ደንግጦ ነበር፤ የቀረውን ግን አላመነም። ሾፌርና ጸሐፊ ይተዋወቃሉ፣ አለ በልቡ፤ አንዱ ይሰርቃል፣ አንዱ ተረት ይፈጥርለታል። ስለዚህ የራሱን ጣኒካ አቀረበ። ከዚያው ቧንቧ እስከ ከንፈሯ ድረስ አስሞላት። እሳት እዚያ ክልክል ስለሆነ መበየድ አይቻልም።

ገበየሁ ከመቀመጫው ሥር አንድ ቁራጭ የልብስ ሳሙና አውጥቶ ሰጠው። «የነዳጅ ታንከር ሲያፈስ የምንደፍንበት ነው። ላምባ አያሟሟውም።»

ቲጃኒ ክዳኗን አጥብቆ ገጠመ። ሳሙናውን በመዳፉ አሽቶ አለስልሶ ዙሪያዋን ደፈነ፤ ላዩ ላይ በምስማር የጨረቃ ምልክቱን ጫረበት። ከዚያ በሁለት እግሮቹ መካከል አስቀመጣት።

ሲመለሱ ቦቴው በቆመበት ሁሉ ቲጃኒ አብሮ ቆመ። ሲያድሩ ቦቴው ላይ ወጥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የመሙያውን ክዳን በጀርባው ተጭኖ ተኛ። እርግጥ አንዳንዴ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ሰው ነው። ሕልሙ ውስጥ ከሥሩ ያለው ላምባ ባሕር ሆኖ ቀስ እያለ ይተነፍሳል።

በመጀመሪያው ቀን፣ በረሃው ላይ፣ ጣኒካዋ ሆዷ ነፍቶ ጉልበቱን ገፋችው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን ጣርማ በር ላይ ሲወጡ፣ ጉሙ መስተዋቱን ሸፍኖ፣ የገበየሁ ትንፋሽ እንደ ጭስ ሲወጣ፣ ከእግሮቹ መካከል አንድ ድምፅ መጣ።

ድው።

ገበየሁ ፍሬን ያዘ። «ምንድን ነው?»

ቲጃኒ ያን ድምፅ ያውቀዋል። ቆርቆሮ ከውጭ ሲመታ የሚያሰማው አይደለም፤ ከውስጥ ሲሳብ የሚያሰማው ነው። ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሳት። ነፍቶ የነበረው ጎኗ እንደ ጾመኛ ሆድ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሳሙናውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ጨረቃዋ አልተነካችም፣ ጠብታም አልወጣም። የራሱ ጣኒካ ናት። የራሱ ማኅተም ነው። በሁለት እግሮቹ መካከል ነበረች። ከሷ ማንም አልቀዳም፤ ላምባው ግን አንሷል።

«ምንም አይደለም፣ ንዳ» አለ።

ከዚያ ጀምሮ እስከ ጅማ ያለው መንገድ ለቲጃኒ ረጅም ሆነበት። ላምባው እንደሚጎድል አሁን ያውቃል። ሳሙናውን አንስቶ ጣኒካዋን መንገድ ዳር ማፍሰስ ይችላል። «ተኝቼ ነበር» ማለትም ይችላል፤ ቢል ሐሰት አይደለም። ፍርዱ ይፈርሳል፤ የሱ ጣኒካ አልዋሸችም እንደተባለች ትኖራለች፤ ገበየሁ ግን ያልቅለታል። ይህን ሲያስብ ገበየሁን በጎን አየው። ሰውዬው የሚሆነውን ሳያውቅ ለራሱ ያንጎራጉራል።

አሰንዳቦ ሲደርሱ ገበየሁ ሆን ብሎ መኪናውን መንገድ ዳር አቆመ።

«ይኸውልዎ አሰንዳቦ። ይውረዱና ደንበኞቼን ይጥሩልኝ፤ ጣኒካ ይዘው እስካሁን ተሰልፈው ይሆናል።»

«ተው እንግዲህ።»

«ኧረ እንዴት እተዋለሁ! ከተማውን ሙሉ ያበራሁ ሰው ሻይ እንኳ አልጋበዝም?»

ሻይ ጠጡ። ቲጃኒ ስኳሩን ሲያማስል ብዙ ቆየ። ያየው ነገር በሻይ ቤት የሚነገር አልመሰለውም። ሲወነጅል በሕዝብ ፊት ነበር፤ ቃሉን ሲመልስም በሕዝብ ፊት መሆን አለበት።

ጅማ አምሽተው ገቡና ቦቴው ከወልደሰማያት ግቢ አደረ፤ ቲጃኒም ከላዩ። ጠዋት ሰው ተሰበሰበ። ሀጂ ሸኩር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ብርሃንነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አጣፍታ ከአጥሩ ሥር ቆማለች። ላምባው ተሰፈረ፣ ጀንፈሉ ተጣለ፣ ቅሉ ተዘረገፈ።

«አምስት መቶ አርባ አምስት» አለ ቆጣሪው።

አሥር ጣኒካ የለም። ወልደሰማያት እጁን አጣምሮ ቲጃኒ ላይ አፈጠጠ።

«እሺ ቲጃኒ። ተኝተህ ነበር?»

«ተኝቼ ነበር» አለ ቲጃኒ። ብርሃንነሽ ጭንቅላቷን አቀረቀረች። «ዓይኔ ተኝቷል። ጣኒካዬ ግን አልተኛችም። ሀጂራ! ያን የፈላ ውሃ አምጪው።»

ሀጂራ፣ ቲጃኒ ማታ ባዘዛት መሠረት፣ ከሌሊቱ ጀምራ ያፈላችውን ውሃ አምጥታ በቆርቆሮ ገንዳ ውስጥ ገለበጠችው። ቲጃኒ ጣኒካዋን ከመኪናው አውርዶ ለሀጂ ሸኩር አሳየ፤ የሳሙናውን ማኅተም፣ የገባውን ጎኗን። ወልደሰማያትም ጎንበስ ብሎ ጨረቃዋን በጣቱ ነካ። ከዚያ ቲጃኒ ሳሙናውን ፋቀና ክዳኑን አላቀቀ። ጣኒካዋ «ፉፍ» ብላ አየር ሳበች፤ ጎኗ ተመለሰ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። አሰብ ላይ ከከንፈሯ እኩል የነበረው ላምባ ግማሽ ጣት ያህል ወርዷል።

«ይህን ማን ጠጣው?» አለ ቲጃኒ። «አሰንዳቦ አልወረደችም፤ ከእግሬ መካከል ነበረች።»

ጣኒካዋን ቀስ አድርጎ ሙቁ ውሃ ውስጥ አቆማት። ትንሽ ቆዩ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሀጂራ ሌላ ሙቅ ጨመረችበት። ላምባው፣ ማንም ሳይነካው፣ እንደሚነቃ ሰው ቀስ እያለ ተነሣ። ከንፈሯ ላይ ደረሰ። አንዲት ጠብታ ፈሰሰች።

«ሱብሃነላህ» አሉ ሀጂ ሸኩር፤ መቁጠሪያቸውም ቆመ።

«ባሕር ዳር ይሞቃል፤ ላምባው ያብጣል» አለ ቲጃኒ። «እኛ ዘንድ ይበርዳል፤ ይከሳል። አሰብ ላይ አንድ መነጽር ያደረገ ልጅ ነግሮኝ ነበር፤ አላመንኩትም። ጣኒካዬ አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጎደለ ነው ያለችኝ፤ ሌባውን የጨመርኩበት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በማጅራቱ ይሸከማል። ቲጃኒ ድንጋይ አልፈለገም። ያችን የሞላች ጣኒካ ክዳኗን ገጥሞ በማጅራቱ ላይ ተሸከማትና ከገበየሁ ፊት ሄዶ ጎንበስ አለ። አሥራ ስምንት ሊትር ላምባ ለሃምሳ ዓመት ሰው ቀላል አይደለም።

ገበየሁ መጀመሪያ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፋው። ዓይኑ ቀልቷል። ከዚያ በሁለት እጁ ጣኒካዋን አነሣለት።

«ኧረ ይውረድ ጋሽ ቲጃኒ፣ ይውረድ! ቢፈስብዎ ደግሞ ይህንንም ገበየሁ ነው የሰረቀው ሊሉ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ብርሃንነሽ ግን አለቀሰች። ሀጂራ ሄዳ አቀፈቻት፤ ሁለቱ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው በጠራራ ፀሐይ፣ ወንዙ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ አብረው ወረዱ። ወልደሰማያት ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው። ጉንጩን እያሻሸ ሲሄድ «ታዲያ እኔስ አሥሩን ጣኒካ ማንን ልጠይቅ?» ሲል ተሰማ። «ብርዱን» አሉት ሀጂ ሸኩር።

ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ቲጃኒ ለቦቴ ማራገፊያ የሚሠራቸው መስፈሪያዎች ሁለት መስመር ኖራቸው። አንደኛው ከከንፈራቸው እኩል ነው፤ «አሰብ» ይባላል። ሁለተኛው ግማሽ ጣት ዝቅ ብሎ በውስጥ የተጫረ ነው፤ «ጅማ» ይባላል። ከአሰብ የተጻፈ ደረሰኝ በታችኛው መስመር ይሰፈራል፤ ብርድ ሲሆንና ሙቀት ሲሆን ልዩነቱ ትንሽ ይበዛል ያንሳል፣ ሆኖም ሰው በዚያ ተስማምቶ ኖረ። የቀድሞ ጣኒካ ስለማይመጣ መስፈሪያውን ከአሮጌ የጣሪያ ቆርቆሮ ነበር የሚያወጣው።

ግድግዳው ላይ አዲስ ስም አልተጨመረም፤ አሰብ በጣኒካ አይመጣምና። ያችን ከአሰብ ያመጣትን ጣኒካ ግን አልሸጣትም፣ አልቆረጣትምም። ከአባዳንና ከኤደን በታች በመደርደሪያ ላይ ከነላምባዋ መልሶ አሽጎ አስቀመጣት። ጠዋት ጅማ ስትቀዘቅዝ «ድው» ትላለች፤ እኩለ ቀን ፀሐይ በበሩ ስትገባ መልሳ «ድው» ትላለች። ቲጃኒ መዶሻውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያዳምጣታል። ገበየሁ በመንገዱ ሲያልፍ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ይነፋለት ነበር።